ግራን ቱሪስሞ ምንድን ነው?

መኪና ጀርባ ላይ «ጂቲ» የሚል ጽሑፍ ስናይ ብዙዎቻችን «ፈጣን ነው ማለት ነው» ብለን እናልፋለን። ፈጣን መሆኑስ እውነት ነው። ግን እነዚህ ሁለት ፊደላት ሲወጡ ዋናው ሐሳብ ርቀት ነበር።

ጂቲ የጣሊያንኛው «ግራን ቱሪስሞ» ምህጻረ ቃል ነው። ታላቅ ጉዞ እንደማለት ነው። መቼም የመኪና ነገር በጣሊያንኛ ሲጠራ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ሞላ፣ ፍሬቻ የምንላቸው ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። ይሄኛው ቃል ግን ጋራዣችን አልገባም። ስሙ መኪና ሳይፈጠር የነበረ ልማድ ያስታውሳል። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች ልጆች ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ፈረንሳይንና ጣሊያንን ለማየት በሠረገላ ለወራት ይጓዙ ነበር። ያ ጉዞ «ግራንድ ቱር» ይባል ነበር።

ወደ መኪናው ስናመጣው ትርጉሙ ይሄ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሻንጣቸውን ጭነው ረጅሙን መንገድ በፍጥነት ጨርሰው፣ ሲደርሱ ወገባቸውን ሳይዙ የሚወርዱበት መኪና። ለእኔ ዋናው ፈተና ያ የመጨረሻው ነው። ከ800 ኪሎ ሜትር በኋላ በሩን ከፍቶ የሚወርደው ሰው ምን ይመስላል?

ስሙ እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ በአንድ የአልፋ ሮሜዮ ሞዴል ላይ ታይቷል። ሐሳቡን አሟልቶ ያሳየው ግን በ1951 የወጣው ላንቺያ አውሬሊያ ቢ20 ጂቲ ነው ብዬ አምናለሁ። ሞተሩ 2 ሊትር ብቻ ነበር፤ ጉልበቱም 75 የፈረስ ጉልበት። ዛሬ ተራ የቤት መኪና ከዚያ ይበልጣል። ብልሃቱ አቀማመጡ ላይ ነበር። ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ተነጥለው ወደ ኋላ ሄደው ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማዎች ከሚያካፍለው ዲፈረንሻል ጋር ተቀመጡ። ስለዚህ ክብደቱ ፊት ላይ ብቻ አልተጫነም፤ መኪናው ኩርባ ላይ ረጋ ብሎ ይዞር ነበር። በዚያው ዓመት ሚሌ ሚልያ ውድድር ገባ። ሚሌ ሚልያ ከብሬሻ ተነስቶ ሮም ደርሶ የሚመለስ፣ ሰው በየቀኑ በሚሄድበት መንገድ ላይ የሚካሄድ የ1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ውድድር ነበር። ጆቫኒ ብራኮ በዚያች ላንቺያ ሁለተኛ ወጣ። የቀደመው 4.1 ሊትር ሞተር የያዘ ፌራሪ ብቻ ነው። ከግማሽ ባነሰ ሞተር! መንገዱ ረጅም ሲሆን ሾፌሩን የማያደክም መኪና ስንት እንደሚያተርፍ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ስፖርት መኪና ሌላ ነገር ነው። በ1996 የወጣው ሎተስ ኤሊዝ ወደ 725 ኪሎ ነበር የሚመዝነው። እያንዳንዷን ጠጠር መሪው ላይ ትሰማታለህ። ለአንድ ሰዓት ደስታ ነው፤ ለስምንት ሰዓት ግን ድካም ነው። ቅንጡ ሊሙዚን ደግሞ ምቾት አያጣም፤ ግን የተሠራው ኋላ ለሚቀመጠው ሰው ነው። ጂቲ የሚሠራው ለሚነዳው ነው።

ሞተሩ ትልቅ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። በ2003 የወጣውን ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ ውሰድ። 6 ሊትር፣ 12 ሲሊንደር፣ ሁለት ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) አለው። ሰው የሚያወራለት በሰዓት 318 ኪሎ ሜትር መድረሱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ 650 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል፣ ያውም በደቂቃ 1,600 ዙር ላይ። ሞተሩ ገና ሳይጮህ ሙሉ የመጎተት አቅሙ አለ ማለት ነው። ከፊት ያለውን የጭነት መኪና ለማለፍ ማርሽ መቀያየር አያስፈልግም፤ ነዳጅ ትንሽ ጫን ማድረግ ይበቃል። ጸጥታው ከዚያ ይመጣል።

በጣም የሚያስቸግረው ሞላው ነው። ካለሰለሱት መኪናው በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እንደ ጀልባ ይዋልላል። ካጠነከሩት የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ አከርካሪ ላይ ይደርሳል። መሐንዲሶች ለዓመታት የታገሉት ከዚህ ጋር ነው። አንዱ መልስ በአየር የሚሠራ ሞላ ነው። በ2018 የመጣው ኮንቲኔንታል ጂቲ ሌላ ጨመረ። መኪናው በኩርባ ላይ ወደ ጎን እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት በ48 ቮልት ሞተር ይቆጣጠረዋል። ቀጥ ባለ መንገድ ይለቀዋል፤ ኩርባ ሲመጣ ያጠነክረዋል።

ፍሬኑም አይረሳ። የ2003ቱ ቤንትሌይ ከ2.3 ቶን በላይ ነው። የፊት ዲስኩ ስፋት 405 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የ16 ኢንች ቸርኬ ያህል ማለት ነው። ይህን የሚያህል ክብደት ከዚያ ፍጥነት ደጋግሞ ለማቆም ያነሰ ዲስክ ሙቀቱን አይችለውም። የኋላ ወንበር አብዛኞቹ ጂቲዎች አላቸው፤ ለልጆች ወይም ለአጭር መንገድ ነው የሚሆነው።

«ጂቲ» የተጻፈበት ሁሉ ታዲያ ግራን ቱሪስሞ ነው? አይደለም። ጎልፍ ጂቲአይ ፈጣን የቤተሰብ መኪና ነው። ፖርሽ 911 ጂቲ3 የውድድር ሜዳ ልጅ ነው። በሌላ በኩል በ1977 የወጣው ፖርሽ 928 ሞተሩን ከፊት፣ ካምቢዮውን ከኋላ አድርጎ እንደ ላንቺያ የተሠራ ነው። ሲወጣ ስሙ ላይ ጂቲ ባይኖርም ከእውነተኞቹ አንዱ ነው።

አሁን ደግሞ ኤሌክትሪክ መጣ። ማዜራቲ ግራንቱሪስሞን ፎልጎሬ ብሎ በሦስት የኤሌክትሪክ ሞተር ሠርቶታል። ጸጥታውና ከዜሮ የሚነሳው ጉልበት ለጂቲ የተፈጠረ ይመስላል። ችግሩ የነፋስ ግፊት ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር መኪናውን የሚገፋው ነፋስ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ባትሪውም በጣም ቶሎ ያልቃል። ያ ቤንትሌይ 90 ሊትር ቤንዚን ይዞ ነበር የሚወጣው። ሲያልቅም ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።