የማይለቅ ሕመምና የሚበታተን ትኩረት፦ ግንኙነታቸው ምንድን ነው?

ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚያሠቃይ ሕመም «ሥር የሰደደ» ይባላል። ሕመሙ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ከወገቡና ከጉልበቱ ሌላ የሚያነሱት ስሞታ «ሐሳቤን መሰብሰብ አቃተኝ» የሚል ነው። በድሬዳዋው «ከፊራ» ገበያ መልስ ስትሰጥ ደጋግማ የምትሳሳትን ነጋዴ ሰው «ልቧ ሌላ ቦታ ነው» ይላታል። ይህ ፍርድ ይጎዳል፤ ልክም አይደለም።

ሕመም የአደጋ ምልክት ስለሆነ አንጎል ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ይሰማዋል። አዲስ ቁስል ሲድን ጥሪው ያቆማል፤ ሥር የሰደደው ግን ቀኑን ሙሉ ይጣራል። ሐሳብን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ የሚያቆየው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሕመምን በመግታትም ይሳተፋል፤ አቅሙ ደግሞ ውስን ነው። ስለዚህ እጅ የለመደው ሥራ ብዙም አይበላሽም። የሚበላሸው ሁለት ነገር አንድ ላይ መያዝ የሚጠይቀው ነው፦ የደንበኛውን ትእዛዝ ሳይረሱ ሒሳብ መደመር፣ ተቋርጦ የነበረን ሥራ ካቆሙበት መቀጠል።

ድሬዳዋ ላይ ጉዳዩ ቅርብ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተነሳው፣ በትንኝ የሚተላለፈው የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይዟል፤ በሽታው የሚያስከትለው የመገጣጠሚያ ሕመም በአንዳንዱ ሰው ላይ ለወራት፣ ለዓመታትም ይቆያል።

ደስ የሚለው፣ ሥር የሰደደ ሕመም በአንጎል ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሊስተካከል መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የወገብ ሕመምተኞችን ከሕክምናቸው 6 ወር በኋላ ሲመረምር፣ ሳስቶ የነበረው የፊተኛው አንጎል ክፍል ወፍሮ ተገኝቷል።

ትኩረት የሚያሳጣው ግን ሕመሙ ብቻ አይደለም። እንቅልፍ ማጣትና ድብርት አሉ። ለሕመሙ የሚታዘዙት እንደ ትራማዶል፣ ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶችም ያደነዝዛሉ፤ ቢሆንም ሐኪም ሳያማክሩ በድንገት ማቆም ሌላ ችግር ያመጣል። የከሰዓቱ የጫት በርጫ ለጥቂት ሰዓት ቢያነቃም የሌሊቱን እንቅልፍ ይወስዳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሕመሙ ይብስበታል።

ለ2 ሳምንት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የሕመሙን ልክ ከ0 እስከ 10 ይመዝግቡ። የተኙበትን ሰዓት፣ የወሰዱትን መድኃኒትና የረሱትን ነገር አጠገቡ ይጻፉ። ድንዛዜው ክኒን ከዋጡ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ሐኪሙ መጠኑን ወይም ሰዓቱን ይለውጣል። ሒሳብን የመሰለ ሥራ ሕመሙ በሚቀንስበት ሰዓት ይሥሩ፤ የትኛው ሰዓት እንደሆነ ከመዝገብዎ ያዩታል። በየ20 ደቂቃው፣ ሕመሙ ሳያስገድድዎ፣ ተነስተው ይንቀሳቀሱ። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፦ ደህና በሆኑበት ቀን እስኪያቅታቸው ይሠሩና ቀጣዮቹን ቀናት ተኝተው ያሳልፋሉ።

ትኩረት ማጣቱ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ጀምሮ የነበረ ከሆነ ራሱን የቻለ ምርመራ ይፈልጋል። የእግር መዛል፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ በጭን መካከል መደንዘዝ ወይም ድንገተኛ መዘባረቅ ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።