የድሮ ጌም ኮንሶሎች የምስልና የድምፅ ገመዶች

ከ1980ዎቹ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩ የጌም ኮንሶሎች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወደ ቴሌቪዥን የሚልኩት ምስል አናሎግ በመሆኑ፣ ኮንሶሉም ቴሌቪዥኑም ሳይለወጡ ገመዱ ብቻ ሲቀየር በስክሪኑ ላይ የሚታየው ምስል በእጅጉ ሊሻሻል ይችላል። ገመዱ ግን በምስሉ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። አብዛኞቹ ማሽኖች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለማትን ለየብቻ አጥርተው በውስጣቸው ያዘጋጃሉ፤ አብሯቸው ይሸጥ የነበረው ርካሽ ገመድ ለምስል ያለው ሽቦ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ኮንሶሉ ሦስቱን ደባልቆ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ የተደባለቀውን መልሶ ለመለየት ይታገላል። የተሻለ ገመድ የሚባለው ይህን መደባለቅና መለየት የሚያስቀር ነው።

የመገናኛ ዓይነቶች

ከሁሉም ዝቅተኛው በቴሌቪዥኑ የአንቴና ቀዳዳ የሚገባው አርኤፍ ሲሆን፣ በ1983 በጃፓን የወጣው የኔንቴንዶ ፋሚኮም ከዚህ ሌላ መውጫ አልነበረውም።

ቀጥሎ የሚገኘው ኮምፖዚት ነው። ቢጫው ምስሉን፣ ነጩና ቀዩ ድምፁን የሚሸከሙበት ይህ ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ከዲሽ ሪሲቨርና ከዲቪዲ ማጫወቻ ጋር ስለሚመጣ በአገራችን የማያውቀው ቤት የለም ማለት ይቻላል። በቢጫው ሽቦ የብርሃኑና የቀለሙ መረጃ ተደራርበው ይጓዛሉ፤ ቀለሙ በአሜሪካና በጃፓን በተለመደው የኤንቲኤስሲ የቴሌቪዥን ሥርዓት በ3.58፣ በአውሮፓ በተስፋፋው የፓል ሥርዓት ደግሞ በ4.43 ሜጋኸርዝ ሞገድ ላይ ይጫናል። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ኮንሶል ፓል ብቻ በሚያውቅ የድሮ ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የሚቀረው ቴሌቪዥኑ ቀለሙን በማያውቀው ሞገድ ላይ ስለሚፈልገው ነው።

በ1987 ከኤስ-ቪኤችኤስ የቪዲዮ ካሴት ጋር የተስፋፋው ኤስ-ቪዲዮ ብርሃኑንና ቀለሙን በሁለት ሽቦዎች ይለያል፤ ይህ ብቻውን የጽሑፍ ፊደላትን በግልጽ ያጠራል። ኮምፖነንት የሚባለው ባለ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ገመድ በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን የመጣ ነው።

ስካርትና አርጂቢ

ከአናሎግ መገናኛዎች ሁሉ የላቀው፣ ሦስቱን ቀለማት ሳይነካካ ለየብቻ የሚያደርሰው አርጂቢ ነው። በቤት ቴሌቪዥን ላይ ይህን ዕድል ለተራው ሰው ያዳረሰችው ፈረንሳይ ናት። የፈረንሳይ አምራቾች ማኅበር ያወጣው ባለ 21 ፒን ስካርት መሰኪያ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአገሪቱ በሚሸጡ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ በሕግ ግዴታ ሆነ፤ ከዚያም ወደ ቀሪው አውሮፓ ተዛመተ። ፈረንሳይ የምትጠቀመው የቀለም ሥርዓት ከጎረቤቶቿ የተለየው ሴካም ስለነበረ፣ የውጭ መሣሪያ በሴካም ሳያልፍ በቀጥታ በአርጂቢ እንዲገባ ማድረግ ለአምራቾቹም ይቀላቸው ነበር። እዚያ የተሸጠው የኔንቴንዶ ኤንኢኤስ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የኤንኢኤስ የምስል ቺፕ ከመነሻው የሚያወጣው ኮምፖዚት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ለፈረንሳይ ገበያ ሲባል ምልክቱን ወደ አርጂቢ የሚመልስ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ተጨመረለት። በርግጥ አንዴ የተደባለቀው ስለተደባለቀ ከዚያ ማሽን የሚወጣው አርጂቢ የስሙን ያህል ጥራት የለውም።

በስካርት ውስጥ ፒን 7 ሰማያዊውን፣ ፒን 11 አረንጓዴውን፣ ፒን 15 ቀዩን ይቀበላል። በፒን 16 ከ1 እስከ 3 ቮልት ሲደርሰው ቴሌቪዥኑ ከኮምፖዚት ወደ አርጂቢ ይሸጋገራል፤ ይህ ቮልት ከሌለ ሦስቱ ሽቦዎች በትክክል ቢገናኙም ስክሪኑ ላይ የሚታየው ኮምፖዚቱ ነው። በመሰኪያው ቅርጽ መታለል ግን ቀላል ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ «አርጂቢ ስካርት» ተብሎ የተሸጠለትን ገመድ ሰክቶ የቀለማቱ ጠርዝ እንደ ቀድሞው ሲንቀጠቀጥበት የመሰኪያውን ሽፋን በካቻቢቴ ከፍቶ ቢያይ፣ የተበየዱት የኮምፖዚቱ፣ የሁለቱ ድምፅና የመሬቱ ሽቦዎች ብቻ ነበሩ፤ 7፣ 11 እና 15 ባዶ ነበሩ። ብዙ ጊዜ መክፈትም አያስፈልግም፤ ርካሾቹ መሰኪያዎች የማይጠቀሙባቸውን ፒኖች ጨርሶ ስለማያስገቡ ፊት ለፊት አይቶ መቁጠር ይበቃል።

ጃፓኖችም በቅርጹ ከስካርት የማይለይ ባለ 21 ፒን የአርጂቢ መሰኪያ ነበራቸው፤ የፒኖቹ አደራደር ግን የተለያየ ነው። የአንዱን ገመድ ከሌላው ቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ቢያንስ ምስል ያሳጣል፣ ዕቃም ሊያበላሽ ይችላል።

ሜጋ ድራይቭ

በ1988 በጃፓን፣ በ1990 በአውሮፓ የወጣው የሴጋ ሜጋ ድራይቭ የገመድ ለውጥ ምን ያህል እንደሚያሳይ ከሁሉ በላይ የሚመሰክር ማሽን ነው። የሴጋ መሐንዲሶች ሳይሰስቱ ከመጀመሪያው ሞዴል ጀምሮ አርጂቢን በጀርባው ባለ 8 ፒን መውጫ አኑረዋል። ኮምፖዚቱ ግን፣ ለሴጋ የሚያደላ ሰው እንኳ ሊክደው እንደማይችል፣ በዘመኑ ከነበሩት ደካማው ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። የኤንቲኤስሲው ማሽን በ320 ነጥብ ስፋት ሲሠራ በሰከንድ 6.71 ሚሊዮን ያህል ነጥቦችን ያወጣል። ሠዓሊው አንድ ቋሚ መስመር ብሩህ፣ ቀጣዩን ጨለማ እያደረገ ቢደረድር የሚፈጠረው ሞገድ የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 3.36 ሜጋኸርዝ ገደማ ይሆናል። ይህ ለቀለሙ ሞገድ ለ3.58 እጅግ ስለሚቀርብ ቴሌቪዥኑ የብርሃኑን መስመሮች ቀለም ናቸው ብሎ ያነባቸውና ቀስተ ደመና ይስላል። በ1991 በወጣው ሶኒክ ዘ ሄጅሆግ የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለው ፏፏቴ የተሠራው እንዲህ ባሉ ቋሚ መስመሮች ነው። በኮምፖዚት መስመሮቹ ተዋሕደው ከጀርባው ያለውን የሚያሳይ ውሃ ይመስላሉ፤ የቀስተ ደመና ጥላም ያርፍባቸዋል። በአርጂቢ ግን እያንዳንዱ መስመር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተለይቶ ይቆጠራል። ሠዓሊዎቹ የኮምፖዚቱን ድብዝዝታ አስበው ሠርተዋል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ለፏፏቴው ይህ ያስኬዳል፤ ለጌሞቹ ሁሉ ደንብ አድርጎ መውሰድ ግን ማጋነን ይመስላል።

ድምፁም የራሱ ጉዳይ አለው። የመጀመሪያው ሞዴል በጀርባው የሚያወጣው ሞኖ ብቻ ሲሆን፣ ስቴሪዮው የሚገኘው ከፊት ለፊት ካለው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሞዴል የሚሠራ ጥሩ ገመድ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ዞሮ ወደ ፊት እንዲሰካ ተደርጎ ይሠራል። ባለ 9 ፒኑ ሁለተኛ ሞዴል ስቴሪዮውን ወደ ጀርባ አምጥቶታል።

ሱፐር ኔንቴንዶና ሌሎች

በ1990 የወጣው የኔንቴንዶ ሱፐር ፋሚኮም ኮምፖዚትን፣ ኤስ-ቪዲዮን፣ አርጂቢንና ስቴሪዮን በአንድ ባለ 12 ፒን መውጫ ሰብስቧል። መውጫው በየአገሩ አንድ ዓይነት ቢመስልም የአውሮፓው ማሽን በእያንዳንዱ የቀለም መስመር ላይ 75 ኦም ሪዚስተር፣ የአሜሪካውና የጃፓኑ ደግሞ 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያለው ገመድ ይፈልጋሉ። ገመዶቹ ሲለዋወጡ በአንዱ ምስሉ ይጨልማል፣ በሌላው ከልክ በላይ ይነጣል። በ1996 የመጣው ኔንቴንዶ 64 ያንኑ መውጫ ይዞ አርጂቢን ማስቀረቱ ለመረዳት የሚያስቸግር ውሳኔ ነው። ሶኒ በበኩሉ ከፕሌይስቴሽን እስከ ፕሌይስቴሽን 3 አንድ ዓይነት መውጫ ስለተጠቀመ ገመዱ ለሦስቱም ይሆናል። የ1998ቱ የሴጋ ድሪምካስት በቪጂኤ ገመድ አብዛኞቹን ጌሞቹን በ480ፒ (480ው መስመር ሁሉ በአንድ ዙር በሚሣልበት ምስል) በኮምፒውተር ሞኒተር ላይ ያሳያል።

የሽፋንና የጫጫታ ጉዳይ

ሽቦዎቹ ትክክል ሆነው ሳለ ገመዱ መጥፎ ሊሆን ይችላል። በርካሽ የስካርት ገመዶች ውስጥ ሽቦዎቹ ያለ ሽፋን ጎን ለጎን ስለሚሄዱ የምስሉ ምልክት ወደ ድምፁ ሽቦ ይፈስሳል፤ ከድምፅ ማጉያውም ዝቅ ያለ የ«ዝዝዝ» ድምፅ ይሰማል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የጌሙ ስክሪን ነጭ ሲሆን ጫጫታው ከጨመረ፣ ሲጠቁር ከቀነሰ ጥፋቱ የገመዱ ነው። መፍትሔው እያንዳንዱ ምልክት በራሱ የብረት መከላከያ ተጠቅልሎ በ75 ኦም ኮአክሲያል ሽቦ የሚሄድበት ገመድ ነው። ምስሉን በቦታው የሚያጸናውን የሲንክ ምልክት ከኮምፖዚቱ ሳይሆን ለብቻው ከሚወጣው መስመር መውሰድም ጫጫታውን ይቀንሳል፤ ሆኖም የዚህ መስመር ቮልት በአንዳንድ ኮንሶሎች ከፍ ስለሚል በገመዱ ውስጥ ሪዚስተር ሊያስፈልገው ይችላል። ጫፉ በወርቅ መለበጡ ዝገትን ይከላከላል፤ ምስል ያጠራል የሚባለው ግን የሻጮች ወሬ ነው።

ፍላት ስክሪን

ከእነዚህ ማሽኖች የቀደሙት የሚልኩት 240ፒ፣ ማለትም በሰከንድ 15.7 ሺህ መስመር ገደማ የሚሣልበት ምስል ለሲአርቲ (ባለ ሥዕል ቱቦ፣ ወፍራም) ቴሌቪዥኖች የተሠራ ነው። ብዙ ፍላት ስክሪኖች ይህን 480አይ (መስመሮቹ በሁለት ዙር እየተፈራረቁ የሚሣሉበት ምስል) ነው ብለው ስለሚያነቡት እንቅስቃሴው ይበላሻል፣ ቁልፍ ሲጫኑም ምላሹ ይዘገያል። ስለዚህ ገመዱ መጀመሪያ እንደ ኦኤስኤስሲ ወይም ሬትሮቲንክ ወዳለ መቀየሪያ ይገባና ከዚያ በኤችዲኤምአይ ይወጣል። በገበያ የሚገኙት ርካሽ «ኤችዲኤምአይ» ሳጥኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ኮምፖዚት ስለሆነ ድብዝዙን ምስል በዲጂታል ከማድረስ ያለፈ ነገር አያደርጉም።

በ2001 የወጣው ጌምኪዩብ ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ ነበረው። በጀርባው ካለው ዲጂታል መውጫ ጋር የሚሠራው የኔንቴንዶ ኮምፖነንት ገመድ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይረውን ቺፕ በራሱ መሰኪያ ውስጥ ይዟል፤ ይህም ገመዱን ራሱን የማሽኑ አካል አድርጎታል። ኔንቴንዶ በ2004 ይህን መውጫ ከአዲሱ ሞዴል ላይ አስቀረው፤ ገመዱም ብርቅ ሆነ። ዛሬ ግን ወዳጆቹ በነፃ ባሠራጩት ንድፍ የሚሠሩ መሰኪያዎች የአሮጌውን ሞዴል ዲጂታል ምልክት፣ ወደ አናሎግ ሳይቀይሩ፣ በቀጥታ በኤችዲኤምአይ ያወጣሉ።