የናይትሮጅን ቴስት ምንድን ነው? የኤሲ ቱቦ ጋዝ ከመለቀቁ በፊት

«ኤሲዬ ማቀዝቀዝ አቆመ፣ ጋዝ አልቆበት ይሆናል» ሲባል በየጊዜው እንሰማለን፣ ግን የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ያው ጋዝ ቱቦው ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ይሠራል፣ ከቀነሰ የሆነ ቦታ ሾልኮ ወጥቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ደግሞ ገጣሚው ቱቦውን ከማሽኑ ጋር ካሰረበት ነት ላይ ነው። ይሄንን ገና ጋዙ ሳይለቀቅ የሚያጋልጠው ሥራ ነው ናይትሮጅን ቴስት የሚባለው፣ ፕሬዠር ቴስት የሚሉትም አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስፕሊት ኤሲ ላይ የቤት ውስጡና የውጪው ክፍል የሚገናኙት በሁለት የመዳብ ቱቦ ነው፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም። አዲስ ማሽን ሲመጣ ጋዙ ከፋብሪካ ተሞልቶ የውጪው ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የውጪውን ቫልቮች ሳትከፍቱ ቱቦውንና የቤት ውስጡን ክፍል ብቻ በደረቅ ናይትሮጅን ትሞሉና ፕሬዠሩ ይወርድ አይወርድ እንደሆነ ታያላችሁ። ናይትሮጅን የተመረጠው ስለማይቃጠል፣ እርጥበት ስለሌለው፣ ከኮምፕረሰር ዘይት ጋርም ምንም ስለማይፈጥር ነው።

እዚህ ላይ አደራ! ናይትሮጅን አጣሁ ብሎ ከብየዳ ቤት የኦክስጅን ሲሊንደር አምጥቶ የሚሞላ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ኦክስጅን በፕሬዠር ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፣ ሰው የሞተበት ነገር ነው። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰርም አይሆንም፣ ምክንያቱም አየሩ እርጥበትም ኦክስጅንም ይዞ ነው የሚገባው። ናይትሮጅኑ ራሱም ያለ ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ፕሬዠር የሚቀንስ መሣሪያ) አይነካም፣ ሙሉ ሲሊንደር ውስጥ 150 ባር ወይም ከዚያ በላይ አለ፣ እሱ በቀጥታ ቱቦው ውስጥ ቢለቀቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ሲሊንደሩ ቆሞ ይታሰራል፣ ክፍሉ ጠባብ ከሆነ መስኮት ይከፈታል፣ ናይትሮጅን ሽታ የለውም ግን ኦክስጅንን ገፍቶ ሰው ያፍናል።

ሲሞላ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ 5 ባር አካባቢ አድርጎ ጆሮ መስጠት፣ ትልቅ ቀዳዳ ካለ እዚያው ሲተነፍስ ይሰማል፣ ከዚያ ወደ 15 ባር፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው። አር 410ኤ እና አር 32 ለሚባሉት የኤሲ ጋዞች ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 500 ፒኤስአይ ነው (ከ28 እስከ 34 ባር ገደማ)፣ ማሽኑ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ግን ማለፍ የለም። አር 22 ለሚባለው የድሮ ጋዝ የተሠራ ጌጅ (የፕሬዠር መለኪያ) እና ሆዝ ለዚህ ፕሬዠር አልተሠራም። ከዚያ በየነቱ ላይ ወፈር ያለ የሳሙና አረፋ ትቀቡና ትጠብቃላችሁ፣ ጥቃቅኑ ሊክ ወዲያው ፊኛ አይነፋም፣ ደቂቃዎች ቆይቶ ነው ነጭ አረፋ ጠርዙ ላይ የሚከማቸው። ሊክ ካገኛችሁ ፕሬዠሩ ሳይወጣ ነቱን አትንኩት!

የሊኩ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ፍሌሩ ነው፣ ማለትም ነቱ የሚይዘው ሰፋ ተደርጎ የተከፈተው የቱቦው ጫፍ። ቱቦው ተቆርጦ ጠርዙ ሳይጠረግ ፍሌር ከተደረገ፣ ወይ ከተሰነጠቀ፣ የፈለገ ቢጠብቅ አይይዝም፣ በጉልበት ሲጠበቅማ ጭራሽ መዳቡ ይሳሳል። ቱቦው ወደ ታች ዘንበል ተደርጎ ይጠረጋል (ብናኙ ውስጥ እንዳይገባ)፣ ፍሌር ከመደረጉ በፊት ነቱ ይገባል፣ ከዚያ በሁለት ቁልፍ፣ አንዱ እየያዘ አንዱ እያዞረ። ቶርክ ዌንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ካለ በማኑዋሉ ቁጥር ነው የሚጠበቀው።

ጌጁን ስታነቡ ሙቀቱን አትርሱ። ድሬዳዋ ላይ ጠዋት በ25 ዲግሪ 400 ፒኤስአይ ሞልታችሁ ከሰዓት ቱቦው 35 ዲግሪ ቢደርስ፣ ምንም ሊክ ከሌለ ጌጁ ወደ 414 መውጣት አለበት። ከሰዓትም ያው 400 ላይ ካገኛችሁት «አልወረደም» ብላችሁ አትለፉት፣ ናይትሮጅን ሾልኳል። ስለዚህ ፕሬዠሩ ሲጻፍ ሙቀቱም አብሮ ይጻፍ፣ ጊዜ ካለ ደግሞ 24 ሰዓት ቢያድር በጣም ጥሩ ነው።

«ቫክዩም አድርጌዋለሁ እኮ (በፓምፕ አየሩን ከቱቦው መጥጬ አውጥቻለሁ)፣ ይበቃል» የሚሉ አሉ፣ አይበቃም። ቫክዩም ላይ ቱቦው የሚፈተነው በውጪው አየር ግፊት ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ ባሕር ጠለል ላይ እንኳን 15 ፒኤስአይ አይሞላም፣ ያውም ከውጪ ወደ ውስጥ እየገፋ። ኤሲው ሲሠራ ግን በመቶዎች ፒኤስአይ ነው ከውስጥ ወደ ውጪ የሚገፋው። አር 32 ደግሞ በመጠኑ የሚቃጠል ጋዝ ስለሆነ መኝታ ቤት ውስጥ ሲሾልክ ከማቀዝቀዝ ማነስ ያለፈ ጣጣ አለው።

ቫክዩሙ ግን አይቀርም፣ ተራው ከዚህ በኋላ ነው። ቴስቱ ካለፈ ናይትሮጅኑ ቀስ ብሎ ይለቀቃል፣ የቫክዩም ፓምፑ ከ500 ማይክሮን (የቫክዩም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ያንሳል) በታች እስኪያወርደው ይሠራል፣ ፓምፑ ተዘግቶም እዚያው ከቆየ ያኔ ነው የውጪው ቫልቭ ተከፍቶ ጋዙ የሚለቀቀው።