የቤት ሙዚቃ ማጫወቻ በጎጃም፦ ጠባብ ቤት፣ ጥሩ ድምፅ

ይህ ዳሰሳ በጎጃም ከተሞች፣ በተለይ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ፣ ሰው በቤቱ ሙዚቃ የሚሰማበትን መሣሪያና አቀማመጡን ይመለከታል። ትኩረቱ ጠባብ ቤት ላይ ነው። ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ግቢ ውስጥ የተከራዩት አንድ ክፍል። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር እንደ ልብ አይገኝም። እዚህ የቀረበው ከመሣሪያ መመሪያዎች፣ ከቴፕ ጠጋኞች ወግና ከድምፅ ፊዚክስ የተለቀመ ነው። የካሴቱ ዘመን ሰፋ ያለውም ስለዚያ ጊዜ የሚያወጋ ሰው ስለማይጠፋ ነው።

የጎጃም ጆሮ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ተማሪው ከየአገሩ ስንቁን ቋጥሮ የመጣባቸው ጉባኤ ቤቶች ናቸው። ይህ ለሙዚቃ ማጫወቻ ምን አገባው? ብዙ። ሰምና ወርቅ መለየት የለመደ ጆሮ ከሁሉ በፊት ቃሉን ይፈልጋል። አዝማሪው ከወረወራት ስንኝ አንዲት ፊደል ከተዋጠች ወርቁ ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ አገር ጥሩ ማጫወቻ የሚባለው የመስኮት መስታወት የሚያንቀጠቅጠው አይደለም። ቃል የማይውጠው ነው።

ነገሩ በቁጥርም ይታያል። የዘፋኝ ድምፅ መነሻ በአብዛኛው ከ1,000 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚቆጠር የንዝረት ብዛት) በታች ይውላል። ቃልን ከቃል የሚለዩት እነ "ሰ"፣ "ጠ"፣ "ፀ" ግን ጉልበታቸው ከ2,000 ኸርዝ በላይ ነው። ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ከልክ ሲያልፍ እነዚህን ይሸፍናቸዋል። መካከለኛውን ድምፅ አጥርቶ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር ከሚያጓራ ትልቅ ስፒከር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ከሸክላ እስከ ካሴት

ሸክላ ማጫወቻ በአብዛኛው መብራት ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ሥራ የጀመረው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ላይ አምሃ ሬከርድስን በ1969 እ.ኤ.አ. አቋቁሞ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር) ሸክላ አሳተመ። በጎጃም ሸክላ ማጫወቻ የጥቂቶች ዕቃ ሆኖ አልፏል።

ካሴት ግን ሌላ ነው። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ ትንሽ ሳጥን ከአሥር ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ ሸክላን እየገፋ ገበያውን ያዘ። ለጎጃም ደግሞ የተፈጠረ ይመስል ነበር። መብራት አይጠይቅም። በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ በበቅሎ ጭነት ላይ አይሰበርም፣ የሠርግ ዘፈንም ይቀዳበታል። ድንጋዩ ሲደክም ሞተሩ ይዘገያል፤ የዘፋኟ ድምፅ ወደ ወንድ ድምፅ ይወርዳል። ያኔ ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሙቀቱ ለጥቂት ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራበታል። በደርግ ዘመን የግሽ ዓባይ ኪነት ቡድን ያደመቀው የጎጃም ጨዋታም ከመድረክ ወርዶ በየቤቱ የገባው በሬዲዮና በካሴት ነው።

የቴፕ ጠጋኙ ጥበብ እዚህ ላይ መመዝገብ አለበት። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል። የክሩም ስፋት 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሚያነበው ሄድ በጥቂቱ ካዘመመ መጀመሪያ የሚሞተው ቀጭኑ ድምፅ፣ ማለትም ቃሉ ነው። ጠጋኙ ሄዱን በአልኮልና በጥጥ ይጠርጋል። ከዚያ ካሴቱ እየዘፈነ ከሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቪቴ በጣም በዝግታ ያዞራል። ጆሮው ዘፈኑ ላይ አይደለም። "ሰ" ላይ ነው። ታፍና የነበረችው "ሰ" ድንገት ስትጠራ እጁን ያነሣል። ያለ ምንም መለኪያ የሚደረግ ሥራ ነው፤ ብልሃቱም ከመመሪያው ጋር ይገጥማል።

ከዚያ በኋላ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ፣ ሲዲና ዲቪዲ ተከታትለው መጡ።

ክፍሉ

የጠባብ ቤት ዋናው ችግር መሣሪያው አይደለም፤ ክፍሉ ነው። የተለሰነ ብሎኬትና የሴራሚክ ወለል ድምፅን መልሰው ይወረውራሉ። ባዶ ክፍል ውስጥ አንዴ ቢያጨበጭቡ የሚከተለው ቅጭልጭልታ የዚያ ምልክት ነው። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ በመጻሕፍት የተሞላ መደርደሪያ ያስታግሱታል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የጎጃም ቡሉኮ ደግሞ ከውጭ ከሚመጣው ጌጠኛ ስፖንጅ የሚያንስ አይደለም። ሁሉን ግድግዳ መሸፈን ግን አይመከርም፤ ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ይጠፋና ክፍሉ ይታፈናል።

ቤዝን ጨርቅ አያቆመውም። የ50 ኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች 3.5 ሜትር ተራርቀው ከቆሙ ግማሹ ሞገድ በመካከላቸው ልክ ይገጥማል። ያኔ 49 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ግድግዳው ሥር ያገሳል፣ ክፍሉ መሃል ላይ ደግሞ ይጠፋል። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ክፍል ይብሳል፤ ሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ድምፅ ላይ ይነሣል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ሶፋውን ከግድግዳው ማራቅ፣ ግን ልክ መሃል ላይ አለማድረግ ነው።

ስፒከሮቹን ጥግ ውስጥ መሸጎጥ ቤዙን ያሳብጣል። ቡፌ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የቡፌው ሣጥን ራሱ አብሮ ይዘፍናል። ሁለቱን ስፒከሮች በ1.5 ሜትር ማራራቅ፣ አድማጩም ከእያንዳንዱ ያንኑ ያህል ርቆ እንዲቀመጥ ማድረግ ይበቃል። ቱዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትይዩ መሆን አለበት። ወደ ስፒከሩ በቀረቡ ቁጥር ቀጥታ የሚመጣው ድምፅ ከግድግዳ ተመላሹ አንጻር ይጎላል። ጠባብ ቤት ጥቅም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ጎረቤትም አለ። ወፍራም ድምፅ በኮንዶሚኒየም ወለልና ግድግዳ በቀላሉ ያልፋል። ስፒከሩ ሥር ወፍራም ጎማ ማድረግ ንዝረቱን በከፊል ይቀንሳል። ሰብዎፈር (ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ባይገባ ይመረጣል።

ስፒከርና አምፕሊፋየር

ገበያ ላይ ካርቶኑ "2,000 ዋት" የሚል ማጫወቻ ይታያል። ያ ፒ.ኤም.ፒ.ኦ. የሚባለው የማስታወቂያ ቁጥር ነው። መጠየቅ ያለበት አር.ኤም.ኤስ.፣ ማለትም መሣሪያው ሳያቋርጥ የሚያወጣው ኃይል ነው። በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት 86 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚያወጣ ስፒከር በ10 ዋት 96 ይደርሳል። ለአንድ ክፍል ይህ ከበቂ በላይ ነው።

አናጢ ያሠሩት ሣጥን በጎጃም ከተሞች ያልተዘመረለት ሀብት ነው። ወፍራም ቺፕውድ ወይም ዋንዛ፣ በሙጫ የተደፈነ መገጣጠሚያ፣ ውስጡ ጥጥ። የመኪና ስፒከር የሚገጥሙ ሰዎች ግን ይጠንቀቁ። አብዛኛው 4 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መለኪያ) ነው፤ ለ8 ኦም የተሠራ አምፕሊፋየርን ያግለዋል። የአሮጌ ስፒከር የስፖንጅ ከንፈር (የሚንቀጠቀጠው ሾጣጣ ዙሪያ) ከዓመታት በኋላ ይበሰብሳል፤ የጎማው ይቆያል። አሮጌ ስፒከር ሲገዙ ከንፈሩን በጣት ነካ አድርጎ ማየት ነው።

ስለ ውድ ሽቦ የሚወራው ውሃ አያነሣም። ለ3 ሜትር ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ተራ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ዋናው ፕላስና ማይነስ አለመቀያየሩ ነው። በአንዱ ስፒከር ብቻ ከተቀያየረ ቤዙ ይጠፋል፤ ዘፋኟም ከመሃል ትሸሻለች። የባለ አምፖል (ቫልቭ) አምፕሊፋየር ድምፅ "ይሞቃል" የሚባለው ግን እንደ አድማጩ ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዶች አዎ ይላሉ፣ ሌሎች ልዩነት አይሰሙም።

ለመፈተሻ በገና የሚስተካከለው ጥቂት ነው። በዐቢይ ጾም ዘፈን ሲያርፍ ከየቤቱ የሚሰማውም እሱ ነው። በገና አሥር አውታር አለው። ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ያለችው እንዚራ የምትባል ቆዳ ያን ነዛሪ ድምፅ ትሰጠዋለች። ትንሽ ስፒከር የአውታሩን ዝቅተኛ መነሻ ድምፅ ላያወጣው ይችላል። እንዚራው የሚወልዳቸው ተደራራቢ ድምፆች ግን ይወጣሉ፤ የጎደለውን መነሻ ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። ለቤዝ ደግሞ የቻግኒዋ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣችው አልበም አለ። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። ቤዙ ወፍሮም ቃሏ ካልተሸፈነ ክፍሉ ተስተካክሏል።

መብራት፣ ከፍታና ፋይል

ኃይሉ 220 ቮልት ይባላል እንጂ ይዋዥቃል። እስታቢላይዘር ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ መሰኪያውን መንቀል ደግሞ ይበልጣል፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው ሲመለስ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ብዙ መሣሪያ የሚመረተው እስከ 2,000 ሜትር ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ አምፕሊፋየር ቶሎ አይበርድም። ስለዚህ ዳንቴሉ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ይነሣ። ስፒከሩ ፊት ላይ ቢንጠለጠል ጉዳት የለውም፤ ቀዳዳው ድምፅ ያሳልፋል።

ዛሬ ሙዚቃው የሚመጣው ከስልክና ከፍላሽ ነው። ሙዚቃ ቤት ሚሞሪ ሲያስጭኑ ባለ 320 ኪሎቢት ፋይል መጠየቅ ይቻላል። ባለ 128ቱ ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጣል። እንደገና ወደ 320 መቀየሩም የተቆረጠውን አይመልስም። ብሉቱዝ ጥሩ ፋይል ላይ ብዙም አይጎዳም፤ የተጎዳ ፋይል ላይ ግን ጉዳቱን ያብሰዋል። በሽቦ ማገናኘት ከተቻለ ያ ይቅደም።