«እጅ ሲበዛ ሸክም አይከብድም»፦ የሄይቲዎች አባባል ከየት መጣ?

ቦስተን አካባቢ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምሠራው። ከሠራተኛው ገሚሱ ሀበሻ ነው፣ ገሚሱ የሄይቲ ሰው። በቀደም ሰው ጎደለና ኃላፊያችን ቅዳሜ ያለ ክፍያ ገብተን ዕቃ እንድናዘዋውር ፈለገች። ማስታወቂያ ለጠፈች። ከላይ በትልቁ የጻፈችው በሄይቲ ክሪዮል ነው፦ «ሜን አንፒል፣ ሻይ ፓ ሉ»። እጅ ሲበዛ ሸክም አይከብድም ማለት ነው። ሄይቲዎቹን ደስ ይላቸዋል ብላ አስባ ይሆናል። አላላቸውም። ማታንት አንብባ ስትጨርስ «ይሄ ኮንቢት አይደለም፣ ኮርቬ ነው» ብላ ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሥራዋ ሄደች። ማታንት የምላት በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው።

ኮንቢት ሰው ወዶ የሚወጣበት ደቦ ነው፣ ኮርቬ ተገዶ የሚሠራው ሥራ። ሁለቱን ያልለየ ሰው ይሄን አባባል ባይጠቅሰው ይሻላል። ለእኛ ለሀበሾች ላይ ላዩ በጣም ይቀላል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እየተባልን ነው ያደግነው። ቶሎ ስለሚገባን ደግሞ ቶሎ እናልፈዋለን።

ማታንት የተወለደችው ሄይቲ መሃል አገር፣ ኤንሽ ከምትባለው ከተማ በላይ ካሉት ተራሮች ነው። ልጅ ሆና ኮንቢት የሚጠራበትን ቀን እንደ ዓመት በዓል ትጠብቀው እንደነበር ነግራኛለች። ገና ሳይነጋ ላንቢ ይነፋል። ላንቢ ትልቅ የባሕር ዛጎል ነው፤ ጫፉ ተቆርጦ ሲነፋ ድምፁ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ይሻገራል። የሰማ ሁሉ ዶማውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይመጣል። ከዚያ በአንድ መስመር ይደረደራሉ። ሲሚዶ የሚሉት ዘፈን አውጪ አለ፣ ከበሮ አለ፣ የቀርከሃ መለከት አለ። ሲሚዶው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ዶማው ሁሉ ባንድ ምት መሬት ይመታል። ሲሚዶው ዝም ብሎ አያዜምም። የሰው ዕዳ በልቶ የካደውን፣ ጎረቤቱን ያስቀየመውን፣ ባለፈው ተጠርቶ የቀረውን በዘፈን ይነካካዋል፤ ሰውየው እዚያው መስመር ውስጥ ከሆነ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ከመቆፈር ሌላ ምርጫ የለውም።

ምግቡን የሚያበላው ጠሪው ነው። የማታንት እናት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሦስት ጉልቻ ላይ ትልቁን የብረት ድስት ጥደው ሩዝ ወይም ማሽላ ከቦሎቄ ጋር ይቀቅላሉ። አባወራው አቅም ካለው ፍየል ይታረዳል። ክሌረን የሚሉት የሸንኮራ አገዳ አረቄም ይዞራል። ትልልቆቹ በልተው ሲያበቁ ከድስቱ ሥር የያዘው ሩዝ፣ ግራተን ይሉታል፣ በማንኪያ ተፍቆ ለልጆች ይሰጣል። ማታንት እስካሁን ሩዝ ስትሠራ ሆን ብላ ታስይዘዋለች። ጠሪው ሰስቶ ቀጭን ምግብ ካቀረበ በሚቀጥለው ዓመት ላንቢው ቢነፋም ሰው አይሰማም። ደቦ ላይ ጠላ እያመላለስኩ ያደግሁ ሰው ነኝና ይሄ እንዲብራራልኝ አላስፈለገኝም። እነሱም እንደኛ ሁለቱን ይለያሉ። ኮንቢት ደቦ ነው፤ ድግስ ያለው፣ ብዙ ሰው የሚወጣበት። ኤስኩዋድ የሚሉት ደግሞ ቁርጥ ወንፈል ነው፤ ጥቂት ሰዎች ሆነው ዛሬ ያንተ፣ ነገ የኔ፣ ከነገ ወዲያ የሱ ማሳ ላይ ይሠራሉ። ቀኑ ይቆጠራል። የተበደርከውን ቀን ትመልሳለህ።

ይሄ ነገር ለጨዋታ የመጣ አይደለም፣ መሬቱ ነው ያመጣው። ሄይቲ የሂስፓኞላ ደሴት ምዕራባዊ ሲሶ ናት፣ 27,750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የቀረው የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው። አብዛኛው መሬት ተራራ ነው። ረጅሙ ፒክ ላ ሴል 2,680 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ የማይታሰብ ስለሆነ ገበሬው ያለው ዶማ ብቻ ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ የሁሉም ማሳ ባንድ ሳምንት ይጣደፋል፣ ብቻውን የሚቆፍር ሰው ሳይጨርስ ወቅቱ ያልፍበታል።

ታሪኩም አለ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አገሪቱ ሳን ዶማንግ የምትባል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሳለች ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ባሪያዎች ስኳርና ቡና ያመርቱባት ነበር። በ1791 ተነሡ። ኖቬምበር 18 ቀን 1803 ቬርቲዬር ላይ የናፖሊዮንን ጦር አሸነፉ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 መሪያቸው ደሳሊን ጎናይቭ ከተማ ላይ ነፃነት አወጀ። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የማይወራው። ነፃ የወጣው ሕዝብ የስኳር እርሻውን ዳግመኛ ማየት አልፈለገም፤ ተራራ ላይ ቁራሽ መሬት ይዞ፣ ላኩ በሚሉት ግቢ ከዘመዶቹ ጋር ጎጆ ቀልሶ፣ የሚበላውን ዘርቶ መኖር ነበር የፈለገው። ገዢዎቹ ግን ወደ ውጭ የሚላክ ምርት ፈለጉ። በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን አሰልፋ ለነፃነታችሁ ዕውቅና 150 ሚሊዮን ፍራንክ ክፈሉ ስትላቸው ነገሩ ባሰ። ፕሬዚዳንት ቦዬር በማግሥቱ ዓመት የገጠር ሕግ አወጣና ገበሬውን ከእርሻው ጋር ሊያስር ሞከረ፤ ያለ ፈቃድ ከቦታ ቦታ መዘዋወርም ተከለከለ። ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ። ተራራው ላይ ወጥቶ የሚያስፈጽመው ወታደር ከየት ይምጣ?

እንግዲህ አባባሉ ስለ ቁፋሮ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዶማ ላይ ምን ሸክም አለ? ዶማ ድካም ነው እንጂ ጭነት አይደለም። አባባሉ የተወለደው ቃሬዛ ላይ ነው ባይ ነኝ። በሄይቲ ተራሮች መኪና በማይደርስበት ቦታ ሰው ሲታመም ጎረቤት ተሰባስቦ ብራንካር በሚሉት ቃሬዛ ተሸክሞ ያወርደዋል። ማታንት አባቷ የወረዱት እንደዚያ ነው። ወንዶቹ እየሄዱ፣ ሳይቆሙ፣ ትከሻ ይቀያየራሉ፤ አንዱ ደከመኝ ሳይል ሌላው ከሥሩ ገብቶ ይቀበለዋል። ከኋላ የሚከተለው ሰው ባዶ እጁን ይመስላል እንጂ ተራውን እየጠበቀ ነው። ሸክም በእጅ ብዛት የሚቀልበትን ነገር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምን አለ? ሌላም ነገር አለኝ። ከሄይቲዎች አያት ቅድመ አያቶች ብዙዎቹ የመጡት ከዳሆሜ፣ ከዛሬዋ ቤኒን ነው። እዚያ ዶክፕዌ የሚባል የሥራ ማኅበር ነበር። ማሳ ይቆፍራል፣ ቤት ይሠራል፣ የማኅበሩ አለቃ ደግሞ የቀብሩንም ሥርዓት የሚመራው እሱ ነው። የሚቆፍረውና ሬሳ የሚሸከመው አንድ ማኅበር ከሆነ አባባሉ ባሕር ተሻግሮ አብሯቸው የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የተጻፈ ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የለኝም፤ እምነቴን ግን አልለውጥም።

አሁን ወደ ኮርቬ። ሰሜን ሄይቲ፣ ሚሎ ከምትባለው ከተማ በላይ፣ ከባሕር ጠለል ወደ 900 ሜትር ከፍታ ላይ ሲታዴል የሚባል ግዙፍ ምሽግ አለ። ያሠራው ኋላ በ1811 ራሱን ንጉሥ ያለው ክሪስቶፍ ነው። ፈረንሳይ ተመልሳ ትመጣለች ብሎ። እስከ 20,000 ሰው ሠርቶበታል ይባላል። ድንጋዩን፣ መድፉን፣ ሁሉንም ሰው ነው ያወጣው። ምሽጉ ያኮራል፣ ሄይቲዎችም ይኮሩበታል፣ እኔም ፎቶውን ሳይ ደረቴ ይነፋል። ነገር ግን እጅ በዝቶ ሸክም ያልቀለለበት ቦታ ፈልጉ ብትባሉ እሱ ነው። ተገዶ የመጣ እጅ ነበራ።

በጁላይ 1915 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገባ፣ እስከ 1934ም አልወጣም። መንገድ መሥራት ፈለጉና አንድ የተረሳ የድሮ ሕግ ቆፍረው አወጡ፤ ገበሬው በሰፈሩ መንገድ ላይ በዓመት ጥቂት ቀን ይሥራ የሚል። ሥራ ላይ ሲውል ግን ሰው በገመድ ታስሮ ከቀዬው ርቆ ይወሰድ ጀመር። ኮርቬ ማለት ይሄ ነው። በ1918 ቀርቷል ቢባልም በማታንት አገር፣ በኤንሽ ዙሪያ፣ ቀጠለ። የኤንሹ ተወላጅ ሻርልማኝ ፔራልት ሸፍቶ ሺዎች ተከተሉት። በ1919 ገደሉት፣ ሬሳውን በር ላይ አስረው ፎቶ አንሥተው ሕዝቡ እንዲፈራ በተኑት። ሕዝቡ ግን የተሰቀለ ክርስቶስ አየበት። ማታንት ያንን ፎቶ አያቷ ቤት ግድግዳ ላይ እያየች ነው ያደገችው። ስለዚህ አለቃ መጥቶ «እጅ ሲበዛ» ሲላት የምትሰማው ሌላ ነገር ነው።

በደንብ የተባለበትን ጊዜ ማየት ለሚፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2023 ዋናሜንት በምትባል የድንበር ከተማ ሕዝቡ ተቋርጦ የቆየ የመስኖ ቦይ ለመጨረስ ተነሣ። ውኃው ከዶሚኒካን ጋር ከሚጋሩት ማሳክር ከሚባለው ወንዝ የሚመጣ ስለሆነ የዶሚኒካን ፕሬዚዳንት ተቆጥተው በሴፕቴምበር ድንበሩን ዘጉ። ያን ጊዜ አገሪቱ በምርጫ የመጣ አንድም ባለሥልጣን አልነበራትም፤ ፕሬዚዳንት ሞይዝ በጁላይ 2021 ተገድለዋል፣ የመጨረሻዎቹ ሴናተሮች የሥራ ዘመንም በጃንዋሪ 2023 አልቋል። ሰዉ ግን ሲሚንቶ በጭንቅላቱ ተሸክሞ መጣ። ሴቶች ድስታቸውን ይዘው መጡ። ውጭ ያለው ገንዘብ ላከ፣ የኛ ቤት ሠራተኞችም አዋጥተዋል። «ቦዩ አይቆምም» እያሉ ቆፈሩት። የሚጠጣው የነሱ ማሳ ነዋ።

የሄይቲዎቹን አባባል እኛም በየማኅበራዊ ገጻችን ከፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ጋር እየለጠፍነው ነው፣ ስለ ሄይቲ ግን ከወሮበላና ከመሬት መንቀጥቀጥ በቀር አናወራም። ይሄ ያናድደኛል። ጣልያን በ1935 ሲወረን ጄኔቭ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ፣ የሄይቲው ተወካይ አልፍሬድ ኔሙር ተነሥቶ፣ አንድ ቀን እኛም የሌላው ኢትዮጵያ ልንሆን እንደምንችል አንርሳ ብሎ የተናገረልን ገና አሜሪካኖቹ ከአገሩ በወጡ በዓመቱ ነው። በወንፈል ሒሳብ አንድ ቀን ማሳችን ላይ ውለዋል። ኃላፊዎችም፣ የማኅበር ሊቀመንበሮችም፣ ለነፃ ሥራ ሰው ስትፈልጉ በራሳችሁ ቃል ለምኑ። ይሄን አባባል ካነሣችሁ ግን ድስቱን ጣዱ፣ እናንተም ዶማ ይዛችሁ መስመሩ ውስጥ ግቡ፣ የማን ማሳ ቀጥሎ እንደሆነም አስቀድማችሁ ንገሩን።