ጎል ያላገባው አጭር አጥቂ ለምን ይሰለፋል?

የአውስትራሊያን ፉትቦል (ከእግር ኳስ የተለየ፣ ኳስ በእጅም የሚያዝበት ጨዋታ ነው) ማየት የጀመረ ሰው ግራ ይገባዋል። አጭሩ አጥቂ አንድም ጎል ሳያገባ ወጣ፤ በሳምንቱ ግን ይሰለፋል። የአሰልጣኙ ዘመድ ነው እንዴ?

አይደለም። ረጃጅሞቹ አጥቂዎች አየር ላይ ተሻምተው ያመለጣቸውን ኳስ መሬት ላይ የሚለቅመው እሱ ነው። ኳሷን ተከላካይ ከወሰደባቸው ደግሞ ሮጦ ይይዘዋል፣ ያጣድፈዋል፤ ኳሷ ከጎሉ 50 ሜትር ክልል በቀላሉ እንዳትወጣ። ተከላካዩ ተጣድፎ ሲሳሳት ጎሉን የሚያገባው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ውጤት ሰሌዳው ላይ የዚህ ልፋት ምልክት የለም፤ አሰልጣኞች ግን ይቆጥሩታል።

እርግጥ ጎል 6 ነጥብ ነው፤ ማንም አይጠላውም። በዚሁ ቦታ ይጫወት የነበረው ኤዲ ቤትስ ከ600 በላይ ጎል አግብቷል፤ እንደሱ ያለው ግን ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። ሌላው ለሁለት ሦስት ሳምንት ጎል ቢጠፋበት፣ እስከሮጠ ድረስ ብዙ ጊዜ ይታገሡታል።