የኮኛክ ጠርሙስ ላይ ያሉት ፊደሎች ምንድን ናቸው?

ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. የሚለውን መጀመሪያ ሳየው የፋብሪካው ስም መስሎኝ ነበር። ለካ ዕድሜ ነው።

ኮኛክ ማለት በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በኮኛክ ከተማ ዙሪያ በተከለለው አካባቢ ከሚበቅል ወይን የሚሠራ ብራንዲ ነው። በመዳብ ጋን ሁለቴ ሲጣራ ውሃ መስሎ ይወጣል፤ ቡናማው ቀለምና ያ የቫኒላ ሽታ የሚመጣው ከኦክ በርሜሉ ነው (ካራሜል ጠብ ማድረግም ይፈቀዳል፣ ስለዚህ በቀለሙ ብዙም አትሸወዱ)።

ቪ.ኤስ. (Very Special) ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ነው። ቪ.ኤስ.ኦ.ፒ. (Very Superior Old Pale) 4። ኤክስ.ኦ. (Extra Old) 10፤ እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ግን 6 ነበር።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኮኛክ ብዙውን ጊዜ የብዙ በርሜሎች ቅልቅል ስለሆነ ፊደሉ የሚናገረው ስለ ታናሹ ብቻ ነው፤ 30 ዓመት የቆየውን ከ4 ዓመቱ ጋር ብትቀላቅሉት ኤክስ.ኦ. ልትሉት አትችሉም።

ፈረንሳዮቹ ለምን በእንግሊዝኛ ጻፉት? ዋና ደንበኞቻቸው እንግሊዞች ስለነበሩ ነዋ።

ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ከገባ አያረጅም። አባባ ቡፌ ላይ 20 ዓመት ያስቀመጡት ቪ.ኤስ. ዛሬም ያው ቪ.ኤስ. ነው።